የእናቴ ጣሳ እስከ ጂንጃ

አዲስ አበባ ላይ ሲመዘን ሻንጣዬ 19 ኪሎ ነበር። ከዚህ ውስጥ 7 ኪሎው ስንቅ ነው። በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የተቆላ ቡና። እናቴ ባሕር ዳር ሆና ሁለት ሳምንት ሙሉ ስታዘጋጅ ከርማለች። ሽሮውን በኒዶ ጣሳ ጠቅጥቃ ሞላችው። ክዳኑን በፕላስተር አሸገችው። ከዚያ «ሰው አገር ሄደሽ የማንንም እጅ እንዳታዪ» አለችኝ። እኔም ይህንን ቃል እንደ ምርቃት ይዤ ወጣሁ።

ጊዜው ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ነው። 28 ዓመቴ ነበር። የሂሳብ ሥራዬን ለቅቄያለሁ። ሦስት ዓመት ያጠራቀምኳት ገንዘብ አለችኝ። ሐሳቤ በየብስ ብቻ ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ሩዋንዳን አቋርጬ ዳሬሰላም መድረስ ነበር። ብቻዬን። አራት ወር ፈጀ።

ሰዎች እስከ ዛሬ «ምን ተማርሽበት?» ይሉኛል። አብዛኞቹ መስማት የሚፈልጉት የገንዘቡንና የማደሪያውን ነገር ነው። እሱን ባጭሩ ልንገራችሁ። ገንዘባችሁን ሦስት ቦታ ከፋፍላችሁ ያዙ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን ከፓስፖርታችሁ አትለዩት፤ እኔ በየድንበሩ ተጠይቄያለሁ። ሦስት ጫማ አትያዙ። ጋቢ ግን ያዙ። ጋቢ የሌሊት አውቶቡስ ላይ ብርድ ልብስ ነው፣ ማደሪያ ስትደርሱ ትራስ ነው፣ መጋረጃ በሌለበት ክፍል መጋረጃ ነው። ከያዝኩት ዕቃ ሁሉ አንድም ቀን «ምነው ባልያዝኩት» ያላልኩት ጋቢዬን ብቻ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ነገር ግን ሌላ ነው። ያኔ እንግዳ መሆን አላውቅበትም ነበር። እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ እንዴት እንደሚስተናገድ ገና በልጅነቴ ተምሬያለሁ። ራሴ የሰው በር ላይ ስቆም ምን እንደሚባል ግን ማንም አላስተማረኝም።

ሞያሌን ድንበሩ መሃል ለመሃል ይከፍላታል። ለኬንያ ቪዛ አያስፈልገንም። ማኅተም አስመትቼ ተሻገርኩና የናይሮቢውን አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መንገዱ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ አድርጎ ወደ 800 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። አጠገቤ ሁለት ልጆች ተቀመጡ። 18 ዓመት ቢሆናቸው ነው። ከሆሳዕና አካባቢ ናቸው። ዳቦ ቆሎ አወጣሁና አብረን በላን። የት እንደሚሄዱ ስጠይቃቸው አንደኛው «ናይሮቢ» አለ። ቆይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከዚያ ደቡብ አፍሪካ፣ ወንድሜ ጋ» አለኝ።

ሌሊት ላይ ኬላ አስቆመን። ፖሊስ ገብቶ በባትሪ ፊታችንን እያየ ኢትዮጵያውያኑን አስወረደን። በዚያ መንገድ የሐበሻ መልክ ብቻውን ያስጠረጥራል። ፓስፖርቴን ገልብጦ ገልብጦ አየው። ሴት ልጅ ብቻዋን ለምን ትሄዳለች? ማን ላከሽ? ስንት ብር ይዘሻል? እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚህ መሃል ከኋላዬ ወንበር የነበረች አንዲት የቦረና አሮጊት ከአውቶቡሱ ወረደች። መጥታ አጠገቤ ቆመች። እጄን ያዘችና ፖሊሱን በቁጣ ተናገረችው። «የእኔ ልጅ ናት» እንዳለችው ረዳቱ በኋላ ነገረኝ። በቋንቋ እንኳ አልተግባባንም። እስክገባ ድረስ እጄን አልለቀቀችም።

ልጆቹ ግን አልተመለሱም። ፓስፖርት አልነበራቸውም። አውቶቡሱ ተነሳ። የዳቦ ቆሎው ከረጢት ወንበራቸው ላይ ቀረ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም።

ናይሮቢ እንደገባሁ ለአንድ ሳምንት ከሐበሻ ምግብ ቤት ሐበሻ ምግብ ቤት ስመላለስ ቆየሁ። ቀን ኢስሊ የሚባለው ሰፈር፣ ማታ የያዝኩት አልጋ። ደንግጬ ነበር። የማውቀውን ቋንቋ መስማት፣ የማውቀውን እንጀራ መብላት ብቻ ነበር የምፈልገው። ለዚያ ሳምንት ራሴን አልወቅስም። ግን ያ ሳምንት ቢረዝም ኖሮ ከቤቴ አልወጣሁም ማለት ነበር።

ከዚያ ያወጣኝ አንድ ቃል ነው። ኬንያ ውስጥ መኪና በግራ ነው የሚሄደው። እኔ እንደለመድኩት መጀመሪያ ወደ ግራ አይቼ መንገድ ገባሁ። ማታቱ፣ የእነሱ ሚኒባስ ታክሲ፣ በቀኝ በኩል መጣ። አንድ ሰው በሻንጣዬ ማንጠልጠያ ጎትቶ አወጣኝ። ወድቄ ተነሳሁ። በዙሪያዬ የነበሩት ሁሉ «ፖሌ፣ ፖሌ» ይሉኛል። ሻጯም፣ ተማሪውም፣ ዘበኛውም። ማንም ጥፋተኛ ሳይሆን፣ ስለደረሰብኝ ነገር ብቻ። «አዝናለሁ፣ አይዞሽ» ማለት እንደሆነ ሲነግሩኝ አያቴ ትዝ አለችኝ። ስደናቀፍ «እኔን!» ትል ነበር። እኔን ያድርገኝ፣ እኔ ልውደቅልሽ ማለት ነው። ለካ ሌላም ሕዝብ ይህንን በራሱ ቃል ይለዋል።

ሌላም ነገር አገኘሁ። ከናይሮቢ ወደ ኡጋንዳ የቆረጥኩት ትኬት 8:00 ይላል። አንዱን ተሳፋሪ ስጠይቀው «ሳ ምቢሊ» አለኝ። በጣቴ ቆጠርኩ። ሞጃ፣ ምቢሊ። ሁለት። ሁለት ሰዓት! ስዋሂሊም እንደ እኛ ቀኑን የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው። «ሳ»ም «ሰዓት» ነው። ከአገሬ ስወጣ የእኛ አቆጣጠር ድንበር ላይ የሚቀር መስሎኝ ስልኬን ወደ ፈረንጅ ሰዓት ቀይሬ ነበር። እዚያው መናኸሪያው ውስጥ ቆሜ ወደ ራሴ መለስኩት።

የኡጋንዳዋ ከተማ ጂንጃ የደረስኩት ኅዳር 28 ቀን ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት። አውቶቡሱ ጎማ ፈንድቶበት መንገድ ላይ ብዙ ቆመን ነበር። ስልኬ ጠፍቷል። የመረጥኩት ማደሪያ ተዘግቷል። ባንኳኳ ባንኳኳ የሚከፍት የለም። መንገድ ዳር አንዲት ሴት ቻፓቲና እንቁላል ትጠብሳለች። ኡጋንዳ ውስጥ እንቁላሉን በቻፓቲ ይጠቀልሉና ሮሌክስ ይሉታል። የገና ጾም ስለገባ ቻፓቲውን ብቻ ገዛሁ። የት እንደማድር ጠየቀችኝ። «ጓደኛዬ እየመጣ ነው» አልኳት። ውሸቴን ነው። ዕቃዋን ሰብስባ እስክትጨርስ የመጣ ሰው የለም። «ነይ፣ እናቴ ቤት ቦታ አለ» አለችኝ። እምቢ አልኩ። ደገመችኝ። እምቢ አልኩ።

የእናቴ ቃል ነበር የያዘኝ። የማንንም እጅ እንዳታዪ። ከዚያ ግን አያቴ ትነግረኝ የነበረው መጣብኝ። ባሏ የሲራራ ነጋዴ ነበር። በቅሎ ጭኖ ከጎጃም ተነስቶ ወለጋ ድረስ ይወርዳል። ስንቅ ይይዛል፤ ሲመሽበት ግን የማያውቀው ሰው አጥር ጋ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል። ከውስጥ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ይሉታል። ይገባል፣ እግሩን ይታጠባል፣ የቀረበለትን ይበላል። እንዲህ እያለ ልጆቹን አሳደገ። እንዲህ ባደረ ሰው ልጅ ልጅ ላይ ምን ክብር ይጎድላል? ሴትየዋን ተከትዬ ሄድኩ። በእርግጥ ዙሪያዬን አይቻለሁ። ሴት መሆኗን፣ ልጇን ማዘሏን፣ ጎረቤቶቿ በስሟ ሲጠሯት ሰምቻለሁ። ሴቶች ብቻችሁን ስትሄዱ ይህንን ማየት አትተዉ።

እናትየውን ሁሉም «ጃጃ» ይላታል። አያት ማለት ነው። እዚያ ሴት ልጅ ለታላቅ ሰው ሰላምታ የምትሰጠው ተንበርክካ ነው። እኔ ደግሞ እንደ አገሬ ጎንበስ ብዬ ጉልበቷን ሳምኩ። ሳቀች፣ ግንባሬን ያዘችኝ። ሁለት ሌሊት አድሬ ልሄድ ነበር። ሠላሳ አንድ ቀን ቆየሁ።

በሦስተኛው ቀን ገንዘብ አወጣሁ። ጃጃ ፊቷ ተለወጠ። ልጅዋ እየተረጎመች፣ «ቤቴ ሆቴል አይደለም። ሙዝ ላጪ» አለችኝ። ተቀምጬ ማቶኬ መላጥ ተማርኩ። አረንጓዴውን ሙዝ ልጠው በኮባ ቅጠል ይጠቀልሉና በእንፋሎት ያበስሉታል። ማባያው የኦቾሎኒ ወጥ ነው። እንቁላልም ቅቤም የለበት። ጾሙን ያለ ምንም ችግር ጾምኩት። ውሃ ቀዳሁ፣ ቻፓቲ አቦካሁ፣ የልጅዋን ሂሳብ በደብተር አስተካከልኩ። እንግዳ ሲከርም የቤት ሰው እንደሚሆን፣ ሥራ ሲሰጡት ደግሞ እንዳከበሩት ያኔ ገባኝ።

አንድ ቀን የእናቴን ጣሳ ፕላስተር ቀደድኩና በከሰል ምድጃ ሽሮ ሠራሁላቸው። ጃጃ ቀምሳ «ኦቾሎኒ ነው» አለች። «አተር ነው» አልኳት። አላመነችም። ዱቄቱን በእጇ አሽታ አሽትታ ነው የተቀበለችኝ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ «ያቺን የአገርሽን ኦቾሎኒ ሥሪ» ትለኛለች። ስንቄ ያለቀው እንዲህ ነው። ከራሴ ይልቅ እነሱ በሉት።

ወንዙን ልጅዋ ወስዳ አሳየችኝ። ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣው እዚያ ጂንጃ ላይ ነው። እነሱ ኪዪራ ይሉታል። እንግሊዛዊው አሳሽ ስፒክ በ1862 እ.ኤ.አ. ያየው ፏፏቴ ዛሬ የለም፤ በ1954 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው ግድብ ውሃ ውጦታል። እኔ ጣና ዳር ያደግኩ ነኝ። ዓባይ ከሐይቅ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሌላ ሐይቅ፣ ሌላ ዓባይ፣ እንደዚያው ዝም ብሎ ሲወጣ ሳይ ዕንባዬ መጣ። ማታ ለጃጃ የእነሱ ውሃና የእኛ ውሃ ካርቱም ላይ እንደሚገናኙ ነገርኳት። «ታዲያ ዘመድ ነን» አለችኝ። እነ ጃጃ ገናቸውን በፈረንጆቹ ቀን አክብረው ጨርሰው ነበር። በእኔ ገና፣ ታኅሣሥ 29፣ እንደገና ዶሮ አረደች። በኮባ ቅጠል የሚበስለውን ሉዎምቦ ሠራችልኝ።

ስለ ኡጋንዳዎቹ የካባሌ ተራሮችና ስለ ኪጋሊ ብዙ አልጽፍም። ካባሌ ብርዱም እርከኑም የእኛን ደጋ ይመስላል። ኪጋሊ ጊሶዚ ያለውን የዘር ጭፍጨፋ መታሰቢያ አይቻለሁ። ከ250,000 በላይ ሰዎች እዚያ ተቀብረዋል። የሕፃናቱ ክፍል ውስጥ ከፎቶው ሥር የሚወዱት ምግብ ተጽፏል። ከዚያ ወጥቼ የቀኑን ቀሪ ሰዓት ምንም ሳልናገር ዋልኩ።

ከሩዋንዳ በሩሱሞ ወደ ታንዛኒያ ገብቼ፣ የዳሬሰላም አውቶቡስ ላይ እያለሁ ዶዶማን አለፍን። ቦታውን ከስሙ ነው የማውቀው። በሰኔ 2004 ዓ.ም. ዶዶማ አካባቢ ከ40 በላይ ኢትዮጵያውያን በጭነት መኪና ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። ወደ ደቡብ የሚሄዱ ወጣቶች ነበሩ። እኔ መስኮት ዳር ተቀምጫለሁ። መስኮቱ ተከፍቷል፣ ንፋስ ይገባል። ጉልበቴ ላይ ፓስፖርት አለ፣ ቪዛ አለው። መንገዱ ያው አንድ መንገድ ነው። የሆሳዕናዎቹን ልጆች አሰብኩ። እነሱም የመሸባቸው እንግዶች ነበሩ። «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚላቸው ሰው ይግጠማቸው ብዬ ጸለይኩ። ዛሬም እጸልያለሁ።

ከዳሬሰላም በአውሮፕላን ተመለስኩ። አራት ወር የሄድኩበት መንገድ ሦስት ሰዓት እንኳ አልሞላም። ሻንጣዬ 8 ኪሎ ሆኗል። ሁለቱ ጫማዎች ጂንጃ ቀርተዋል፣ ጋቢዬ ትከሻዬ ላይ ነው።

ባሕር ዳር ስደርስ እናቴ ገና ሳልቀመጥ ሻንጣዬን ፈታች። ጣሳዋን አወጣች። ከበዳት። ባዶ ነበር የጠበቀችው። ክዳኑን ስትከፍት የተቆላ ኦቾሎኒ ነው፣ እስከ አፉ ሞልቷል። ጃጃ በሄድኩበት ቀን ጠዋት ቆልታ የሞላችው ነው። ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ እነሱም ጋ ነውር ነው።

እናቴ አንድ ፍሬ አፏ ውስጥ ጨመረች። ማን ናት አለችኝ። ነገርኳት። ሌሊቱን፣ የተዘጋውን በር፣ ሙዙን፣ የገናውን ዶሮ፣ ሁሉንም። ዝም ብላ ሰማችኝ። «የማንንም እጅ እንዳታዪ» ያለችኝን አላነሳችውም። እኔም አላነሳሁትም። ኦቾሎኒውን ወደ ሰፌድ ገለበጠችና ጣሳውን አጥባ ፀሐይ ላይ ደፋችው።

«በርበሬ ትበላለች?» አለችኝ።