ለሠራተኛ ሰማያዊ ቤት

ሰሞኑን ሐሳቤን የያዘው ፋልከንበርግ ነው። በርሊን ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ላይ፣ ግሩናው አጠገብ ያለ ትንሽ ሰፈር።

የዚህ ሰፈር ነገር የሚገባው በተሠራበት ዘመን፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አካባቢ፣ የነበረችውን በርሊን ላሰበ ሰው ነው። ሠራተኛው የሚኖረው ፎቅ በፎቅ ላይ በተደራረበ የኪራይ ቤት ነበር። ከመንገዱ ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ ጀርባ ሌላ ሕንፃ፣ ከዚያም ጀርባ ሌላ። በ1853 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በወጣው ደንብ መሠረት ለግቢው 5.34 ሜትር በ5.34 ሜትር ይበቃው ነበር። ልኩ የመጣው ከእሳት አደጋ ጋሪ ነው፤ ገብቶ መዞር ከቻለ ግቢው ግቢ ነው ተባለ። ልጆች የት ይጫወታሉ፣ ፀሐይ በየት ይገባል ብሎ የጠየቀ የለም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

እንግሊዛዊው ኤቤኔዘር ሃዋርድ የአትክልት ከተማን ሐሳብ፣ ሰው በአረንጓዴ መሀል የሚኖርበትን ከተማ ማለት ነው፣ ያመጣው በ1898 ነው። ጀርመን ውስጥም በ1902 ማኅበር ተቋቋመለት። ፋልከንበርግም የታሰበው እንዲህ ያለ የአትክልት ሰፈር ሆኖ ነው፤ ያሠራው ደግሞ የቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። አባላቱ ድርሻ ይገዛሉ፣ ቤቱ የማኅበሩ ይሆናል፣ እነሱ ኪራይ እየከፈሉ ይኖሩበታል። አትራፊ አከራይ መሀል የለም።

አርክቴክቱ ብሩኖ ታውት ነበር። ቤቶቹ ቀላል ናቸው፣ አብዛኞቹ ጎን ለጎን የተያያዙ። ለቅርጻ ቅርጽና ለጌጥ የሚሆን ገንዘብ አልነበረም። ቀለም ግን ርካሽ ነው። ስለዚህ አንዱን ሰማያዊ፣ አንዱን ቀይ፣ አንዱን ቢጫ አደረገው። ሰዉም ሰፈሩን «የቀለም ሳጥን» አለው። ሉድቪግ ሌሰር ደግሞ አትክልቱን ነደፈ። እያንዳንዱ ቤተሰብ አትክልትና ፍራፍሬ የሚያለማበት ጓሮ ነበረው። ስለ ድሃ ቤት ሲወራ ሁሌ የሚነሳው ካሬ ሜትርና ዋጋ ነው። እነዚህ ሰዎች ግን ደጁ እንዲያምርም አሰቡለት። ለእኔ ትልቁ ነገር እሱ ነው።

ዕቅዱ 1,500 ቤት ነበር፣ ወደ 7,000 ሰው እንዲይዝ። በ1913 ተጀመረ፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ፣ በ1916 ቆመ። የተሠራው 128 ብቻ ነው። የቀረውን ሳስብ ይቆጨኛል።

ሁለቱም ሰዎች በናዚ ዘመን አገር ለቀው ወጡ። ታውት በ1933 ሄዶ፣ ጃፓንን አልፎ፣ በ1938 ኢስታንቡል ሞተ። አይሁዳዊ የነበረው ሌሰር በ1939 ስዊድን ገባ። ሰፈሩ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በምሥራቅ በርሊን በኩል ቀረ። ከጀርመን ውህደት በኋላ ግን ታድሶ የመጀመሪያዎቹ ቀለሞች ተመለሱለት። በ2008 ከሌሎች አምስት የበርሊን ሰፈሮች ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

መመዝገቡ ደስ ይላል። እኔን የበለጠ ደስ ያለኝ ግን ቤቶቹ ዛሬም በቤት ማኅበር እጅ መሆናቸው ነው። ሰው ይኖርባቸዋል፣ ጓሮውም ይለማል።