ኡቡንቱን ቨርቹዋል ቦክስ ላይ መጫን፦ ችግሩ ያለው ከ"ስታርት" በፊት ነው

ኡቡንቱ (ሊነክስ ላይ የተሠራ ስርዓተ ክወና) ቨርቹዋል ቦክስ (ላፕቶፕ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽን፣ የሚፈጥር ፕሮግራም) ውስጥ አልጫን ሲል ሰው ቶሎ የሚከሰው ኢንስቶለሩን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ኢንስቶለሩ ንጹህ ነው። ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የላፕቶፑ ቅንብር) ውስጥ የተዘጋ አንድ ቅንብር፣ ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ ሲዞር የተበላሸ አይኤስኦ (የኡቡንቱ መጫኛ ፋይል) ወይም ሳይታሰብ የታለፈ አንድ ሳጥን ነው ሥራውን የሚያበላሸው። ስለዚህ ከዚህ በታች ሰፊውን ቦታ የያዘው ዝግጅቱ ነው፤ ራሱ አጫጫኑ አጭር ነው።

የታሰበው ላፕቶፕ አዳማ ውስጥ ተማሪ እጅ ላይ የሚታየው ዓይነት ነው፦ ያገለገለ ኤችፒ፣ ዴል ወይም ሌኖቮ፣ 8 ጊጋ ራም፣ ዊንዶውስ 10 ወይም 11። የሚጫነው ኡቡንቱ 24.04 ነው፤ በ2024 በፈረንጆች ሚያዝያ የወጣ፣ ለ5 ዓመት ድጋፍ ያለው ስሪት።

መጀመሪያ ባዮሱ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ፤ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሲፒዩ። "ቨርቹዋላይዜሽን" ከሚለው ፊት ለፊት "ኢነብልድ" ካለ ይህን ክፍል እለፉት። "ዲስኤብልድ" ካለ ላፕቶፑን ሪስታርት አድርጉና ገና ሲነሳ ኤችፒ ላይ ኤፍ10፣ ዴል ላይ ኤፍ2፣ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ1 ደጋግማችሁ ምቱ። ቅንብሩ ኢንቴል ላይ "ቨርቹዋላይዜሽን ቴክኖሎጂ" ወይም "ቪቲ-ኤክስ"፣ ኤኤምዲ ላይ "ኤስቪኤም" በሚል ስም ይገኛል። ክፍት አድርጉት፣ ሴቭ ብላችሁ ውጡ። ይህ ተዘግቶ እያለ ማሽኑን ለማስነሳት መሞከር "ቪቲ-ኤክስ የለም" የሚል የስህተት መልእክት ከማንበብ አያልፍም።

ባዮሱ ክፍት ሆኖም ማሽኑ የሚጎተትበት ጊዜ አለ። የቨርቹዋል ማሽኑን መስኮት ግርጌ በቀኝ በኩል ተመልከቱ፤ አረንጓዴ ኤሊ ካለች ሲፒዩውን ሃይፐር-ቪ (የዊንዶውስ የራሱ ቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃ) ቀድሞ ይዞታል ማለት ነው። (ቀልደኛ ፕሮግራመር ያስቀመጣት ኤሊ ናት፤ መልእክቷ ግን ግልጽ ነው።) መንስኤው ብዙውን ጊዜ ደብሊውኤስኤል 2 (ዊንዶውስ ውስጥ ሊነክስን የሚያስኬድ መሣሪያ) ነው፤ አለበለዚያ በዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ "ኮር አይሶሌሽን" ሥር ያለው "ሜሞሪ ኢንቴግሪቲ" ነው። ሁለተኛው የደህንነት ጥበቃ ስለሆነ ለፍጥነት ብሎ ማጥፋት ዋጋ ያስከፍላል። ኡቡንቱው እየተንቀራፈፈም ቢሆን የሚሠራላችሁ ከሆነ ባትነኩት ይሻላል። ተርሚናል ብቻ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ደብሊውኤስኤል ይበቃዋል፤ ቨርቹዋል ማሽን የሚያስፈልገው ዲስክ መከፋፈልን፣ ቡት ማድረግን፣ ኔትወርክን መነካካት ሲፈለግ ነው።

አሁን አይኤስኦው። የ24.04 ዴስክቶፕ ፋይል 6 ጊጋ አካባቢ ስለሆነ በሞባይል ዳታ የሚያወርደው ጥቂት ነው፤ ከጓደኛ በፍላሽ መውሰድ ይቀላል። እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያው ወጥመድ። 32 ጊጋ ፍላሽ ባዶውን እያለ "ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው" ብሎ አልቀበልም ይላል። ፍላሹ በፋት32 ፎርማት ስለተደረገ ነው፤ ፋት32 ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይዝም። ውስጡ ያለውን ወደ ሌላ ቦታ አውጡና በኤክስፋት ወይም በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት አድርጉት።

ሁለተኛው ወጥመድ ድምፅ የለውም። ኮፒው ሳያልቅ የተነቀለ ፍላሽ ወይም ተቋርጦ የተቀጠለ ዳውንሎድ ከላይ ሲታይ ጤነኛ የሚመስል ፋይል ይሰጣችኋል። ምልክቱ የሚወጣው መጫኑ ከተጀመረ በኋላ ነው፦ "ስኳሽ ኤፍኤስ ኤረር" የሚሉ መስመሮች ይዥጎደጎዳሉ፣ ወይም መጫኑ ጀምሮ መሃል ላይ ይሰበራል። ሰቨን ዚፕ ካላችሁ ፋይሉ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ሻ-256 የሚለውን አስቆጥሩ፤ የሚወጣውን ረጅም ቁጥር ከኡቡንቱ ድረ ገጽ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ ያን ፋይል አጥፉት። ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ሆኖ ግማሽ ቀን ያድናል።

ቨርቹዋል ቦክስ ራሱ ሲጫን ኔትወርኩ ለአፍታ ይቋረጣል፤ ዳውንሎድ ላይ ካላችሁ ጠብቁ። ፓይተን የለም የሚለውን ማስጠንቀቂያ እለፉት፤ ማይክሮሶፍት ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ የለም ካለ ግን እሱን አስቀድሙ።

አዲስ ማሽን ስትፈጥሩና አይኤስኦውን ስትመርጡ "አንአተንድድ ኢንስታሌሽን" የሚል ሳጥን ይመጣል። በቨርቹዋል ቦክስ 7.0 "ስኪፕ" የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ፤ አዲሶቹ ስሪቶች ላይ አባባሉ ተገልብጦ ሊመጣ ስለሚችል አንብባችሁ አጥፉት። ሳታጠፉ ካለፋችሁት ቨርቹዋል ቦክስ የመጫኛውን ጥያቄዎች ራሱ እየመለሰ ይጭንላችኋል፤ የተጠቃሚ ስሙን "ቪቦክስዩዘር"፣ የይለፍ ቃሉን "ቼንጅሚ" ያደርገዋል፤ ያ ተጠቃሚ ደግሞ ሱዶን (በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማዘዣውን) የመጠቀም መብት የለውም። "የራሴ ኮምፒውተር ከለከለኝ" የሚለው አቤቱታ ብዙውን ጊዜ ከዚህች ሳጥን የመጣ ነው። መፍትሔው ከማጠጋገን ይልቅ እንደገና መጫን ነው።

8 ጊጋ ላለው ላፕቶፕ 4096 ሜጋ ራምና 2 ሲፒዩ ስጡ። ተንሸራታቹ ወደ ቀዩ ከገባ ዊንዶውሱ ራሱ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ሁለቱም አብረው ይቆማሉ። ላፕቶፑ ያለው 4 ጊጋ ብቻ ከሆነ ከዴስክቶፑ ጋር አትታገሉ፤ ኡቡንቱ ሰርቨርን በ2048 ሜጋ ጫኑ። ዲስኩን 25 ጊጋ አድርጉት፣ አስቀድሞ ሙሉውን ቦታ እንዲይዝ አትዘዙት። እንደዚያ ሲሆን ዊንዶውስ ላይ ይህን ዲስክ የሚይዘው ፋይል የሚያድገው በሚያስፈልገው ልክ ብቻ ነው። ያደገ ፋይል ግን ውስጡን ስላጸዳችሁ ብቻ ተመልሶ አያንስም። የዊንዶውሱ ዲስክ ከሞላ ቨርቹዋል ማሽኑ ባለበት ተሰክቶ ይቆማል፤ ቦታ አስለቅቃችሁ ትቀጥላላችሁ። ዲስፕሌይ ውስጥ ቪዲዮ ሜሞሪውን 128 አድርሱት፤ 3ዲውን አታብሩት፣ ጥቁር ስክሪን ሊያመጣ ይችላል።

ስታርት። ቋንቋ፣ ኪቦርድ፣ ኔትወርክ... ኢንስቶለሩ ራሱን ላድስ ካለ "ስኪፕ" በሉት፤ ተጨማሪ ሶፍትዌር ላውርድ የሚለውንም ዳታ ለመቆጠብ ተዉት። "ዲስኩን አጥፍተህ ኡቡንቱን ጫን" የሚለው ላይ ሲደርስ እጅ ይንቀጠቀጣል። አትፍሩ፤ የሚያየው ያን 25 ጊጋ ፋይል ብቻ ነው፣ የዊንዶውሱን ሰነዶች አይነካም። የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ አድርጉ። በኤስኤስዲ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ በድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። መጨረሻ ላይ የመጫኛውን ዲስክ አውጡ ሲል ኢንተር ተጫኑ። ተመልሶ ወደ ኢንስቶለሩ ከገባ ማሽኑን አጥፍታችሁ ስቶሬጅ ውስጥ አይኤስኦውን አንሱት። ማውዙ ውስጥ ከተያዘ የቀኝ ኮንትሮል ይለቀዋል።

ያ ሰዓት ለላፕቶፑ ከባድ ነው። የአዳማ ነፋስ ከተማዋ ዳር ያሉትን ተርባይኖች ያዞራል፣ አብሮት የሚመጣው አቧራ ደግሞ የላፕቶፑን ፋን ይደፍናል። ፋኑ የታፈነ ሲፒዩ ሲሞቅ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል፣ ሲብስ ይጠፋል። አልጋ ላይ አትጫኑት፣ ከሥሩ አየር ይግባለት፣ ከሰዓት በኋላ ካለው ሙቀት ማለዳው ይሻላል። ባትሪው የሞተ ከሆነ መብራት መጥፋቱንም አስቡ። መጫኑ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ግማሹን ለማዳን አትድከሙ፤ ቨርቹዋል ዲስኩን ሰርዛችሁ ከባዶ ጀምሩ። ከተጫነ በኋላ የሚሄድ መብራት ግን ያን ያህል አያስፈራም፤ ኡቡንቱ ፋይል የሚያስቀምጥበት ኤክስት4 ጆርናል (የለውጥ መዝገብ) ስላለው አብዛኛውን ጊዜ ራሱን አስተካክሎ ይነሳል።

የመጀመሪያው ቀን ላይ ስክሪኑ ጠባብ ሆኖ ይቀራል፣ ከዊንዶውስ ኮፒ ማድረግም አይቻልም። ጌስት አዲሽንስ የሚባለው የቨርቹዋል ቦክስ ተጨማሪ ሶፍትዌር ያስፈልጋል። ተርሚናል ላይ በአፕት (የኡቡንቱ ሶፍትዌር መጫኛ ትእዛዝ) መጀመሪያ ቢልድ-ኢሰንሻል፣ ዲኬኤምኤስና ለያዛችሁት ከርነል (የሊነክሱ እምብርት) የሚሆነውን ሊነክስ-ሄደርስ ጫኑ፤ ያለ እነዚህ ሞጁሉ አይገነባም፣ ስክሪኑም አይሰፋም። ከዚያ ዲቫይስስ ከሚለው ሜኑ የጌስት አዲሽንስ ሲዲውን አስገቡ፣ አስኪዱት፣ ሪስታርት። ሼርድ ፎልደር (ከዊንዶውስ ጋር የሚጋራ ፎልደር) ተከፍቶ "ፈቃድ የለህም" ካለ ተጠቃሚያችሁን "ቪቦክስኤስኤፍ" የሚባለው ግሩፕ ውስጥ ጨምራችሁ ወጥታችሁ ግቡ።

በሞባይል ሆትስፖት የምትሠሩ ይህቺን አስተውሉ። ዊንዶውሱ ዳታ ቆጥብ ቢባልም ውስጥ ያለው ኡቡንቱ ስለዚያ የሚያውቀው ነገር የለም፤ በናት (የዊንዶውሱን ኢንተርኔት ለማሽኑ የሚያካፍለው የቨርቹዋል ቦክስ መንገድ) በኩል የሚታየው በኬብል የተገናኘ ኔትወርክ ነው፤ አድራሻውም 10.0.2.15። ስለዚህ ያለ ሐሳብ በጀርባ ዝማኔ ያወርዳል፣ ጥቅሉም ሳይታወቅ ያልቃል። ከመስኮቱ ግርጌ የኔትወርኩን ምልክት በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ የኬብሉን ምልክት አንሱ፤ ሲያስፈልግ መልሱት። ኬብል እንደመንቀል ነው።

ሁሉም ሲስተካከል ስናፕሾት (ማሽኑ በዚያ ሰዓት ያለበትን ሁኔታ የሚይዝ መመለሻ) አንሱና "ንጹህ" ብላችሁ ሰይሙት፤ የዲስክ ልምምድ ላይ ሁሉን ስታበላሹ ወደዚያ ትመለሳላችሁ። ስናፕሾት ግን ቅጂ አይደለም፤ ላፕቶፑ ከተበላሸ አብሮ ይሄዳል። ቅጂ የሚሆነው "ኤክስፖርት አፕላያንስ" ብላችሁ የምታወጡት የኦቪኤ ፋይል ነው። ለክፍል ጓደኛ ስትሰጡት ፋት32ን አትርሱ፤ የሚቀበለውም ሲያስገባ ለኔትወርክ ካርዶቹ አዲስ የማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርድ መለያ ቁጥር) እንዲፈጠር ይምረጥ፤ ካልሆነ ሁለቱ ማሽኖች በብሪጅ (ማሽኑ እንደ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ኔትወርኩ ላይ የሚገባበት መንገድ) አንድ ኔትወርክ ላይ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን አይፒ ይቀማል።