ዳይኖሰሩ እሺ አለ፣ ሃዲዱ እንቢ አለ

ጃንዋሪ 6 ለኛ የገና ዋዜማ ነው። በ1973 በዚችው ቀን ነበር ጆን አለን ሞንተሬይ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያረፈው። ሙያው ፎቶ ማንሳት ነው፤ የትንንሽ ባቡር ወዳጆች ሁሉ ስሙን የሚያነሡት ግን ቤቱ ውስጥ በገነባው የ1፡87፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ፣ ምድር ባቡር ነው። ተራራው ከወለል እስከ ጣሪያ ነበር። የባቡር ኩባንያውን «ጎሪ ኤንድ ዳፌቲድ» አለው፤ ቶሎ ብለው ሲጠሩት በእንግሊዝኛ «በደም የተጨማለቀና ድል የተመታ» ይሆናል። በዚያ ሁሉ ጥንቃቄ መሃል ደግሞ ኤማ የምትባል ስቴጎሳውረስ ዳይኖሰር በ13 ቁጥር ሎኮሞቲቭነት ተመዝግባ ፉርጎ ትጎትትለት ነበር። እሱ በሞተ በ10ኛው ቀን እሳት ተነሥቶ ያ ሁሉ ሥራ ባብዛኛው ወደመ። የተረፉን ፎቶዎቹ፣ ቀልዱና ታይምሴቨር የተባለው ጨዋታው ናቸው።

ታይምሴቨር ማለት አንድ ሎኮሞቲቭ፣ አምስት ፉርጎና አምስት የሃዲድ መገንጠያ አንድ ጣውላ ላይ ነው። እያንዳንዱን ፉርጎ ወደተመደበለት ቦታ ማስገባት ነው ሥራው፤ ቀላል ይመስላል፣ ግን አንዱን ለማስገባት ሌላውን ማስወጣት ግድ ነው። ዘንድሮ ሜሪላንድ፣ ቤዝመንታችን ውስጥ ይህንን ተጫውተን ሰውዬውን እናስበው ተባባልን። ጣውላውን እኔ ላዘጋጅ አልኩ። ባላልኩ!

ጣውላው ራቁቱን እንግዳ ፊት ከሚቀርብ ብዬ በዋዜማው ዋዜማ ማታ ጠጠር ላለብሰው ተነሣሁ። ጠጠር ማልበስ ራሱ ከባድ አይደለም። ደረቁን ጠጠር በብሩሽ ሃዲዱን ከሚሸከሙት አግዳሚዎች አናት ዝቅ አድርጎ መደልደል፣ በ70 በመቶ አልኮል ማርጠብ፣ ከዚያ አንድ እጅ ነጭ ኮላ በሁለት እጅ ውሃ በጥብጦ፣ ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሮ ማንጠባጠብ ነው። ሳሙናውና አልኮሉ ከሌሉ ጠብታው እንደ ዶቃ ይንከባለልና ጠጠሩን ይዞት ይሄዳል።

መገንጠያው ጋ ሲደረስ ነው ሕጉ የሚለወጠው። ሁለቱን ተንቀሳቃሽ ምላሶች የሚያያይዝ አንድ ቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ አለ፤ ወዲያ ወዲህ የሚለው ጥቂት ሚሊሜትር ነው። በዘንጉ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት አግዳሚ ያለ ጠጠር ይተዋል፤ እዚያ ቀለም ቀብቶ ማለፍ ይበቃል። ምላሶቹ የሚዞሩበት ቦታ ላይ በመርፌ ጫፍ ዘይት ይነካል። ኮላው እስኪደርቅ ደግሞ በየ10 ደቂቃው መገንጠያውን ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። እኔ በየ10 ደቂቃው የማንቀሳቅሰው ቢላዋ ነበር፤ አማቴ እማማ ለገናው ዶሮ 5 ኪሎ ሽንኩርት ሰጥተውኛል።

ጠዋት አምስቱም መገንጠያ ድንጋይ ሆነው ጠበቁኝ። ሳሙና ያለበት ኮላ በጠጠሩ መሃል እየተሳበ ይሄዳል፤ የምንወደውም ለዚሁ ነው፤ የጠጠሩን መጨረሻና የዘንጉን መጀመሪያ ግን አይለይም። አንዱን በፒንሳ ጎተትኩት። «ቀጭ» አለ። ፒንሳ ውስጥ የቀረውን ዘንግ ሳየው «ድል የተመታ» የሚለው ስም ለኔም የወጣ መሰለኝ።

የደረቀ ነጭ ኮላ ለብ ባለ ውሃና በአንድ ጠብታ ሳሙና ይለሰልሳል፤ 15 ደቂቃ መታገሥ፣ በጥርስ መፋቂያ ስንጥር ቀስ ብሎ መጎርጎር፣ በአልኮል በተነከረ ጥጥ መወልወል። በዚህ መንገድ ሦስቱ ተላቀቁ። ከነዚህ ሁለቱ ግን መብራት አላሳልፍም አሉ፤ የኔ ዓይነት መገንጠያ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ምላሱ ከዳሩ ሃዲድ ጋር ሲነካካ ስለሆነ፣ መሃላቸው ዓይን የማያየው የኮላ ቆዳ ከቀረ አለቀ። ሎኮሞቲቩ ምላሱ ጋ ሲደርስ ታቦት እንዳየ ሰው ቀጥ ይላል።

እንግዳ ሊመጣ ስለሆነ ተስፋዬን የኔዋ ኤማ ላይ ጣልኩ። ከአሻንጉሊት መሸጫ የተገዛች ባዶ ፕላስቲክ ዳይኖሰር ናት፤ ጀርባዋ ላይ እሾህ የተደረደረባት። በ15 ሴንቲ ሜትር ጠፍጣፋ ፉርጎ ላይ ተቀምጣ ትሄዳለች። ለዚያ ርዝመት የሚመከረው ክብደት 112 ግራም ገደማ ነው፦ መነሻው 28፣ በየ2.5 ሴንቲ ሜትሩ 14 ግራም እየተጨመረ። የጎደለውን ሆዷ ውስጥ ዳዶ ሞልቼ አሟላሁ፤ መጀመሪያው ኩርባ ላይ ፉርጎውን ይዛ ተገለበጠች። ክብደት መግባት ያለበት ወለሉ ሥር፣ ወደ ሃዲዱ ተጠግቶ ነው። ዳዶዎቹን ከሆዷ አውጥቼ ከፉርጎው ሥር ሳጣብቃቸው እንደ ሙሽራ ቀጥ ብላ ዞረች።

ማታ እንግዶች ገቡ። ድሮ ለገሃር የሠሩ ጋሼ ሃዲዱን ጎንበስ ብለው አዩና «ይኼ የጅቡቲው ነው?» አሉ። አይደለም፤ የኛው አንድ ሜትር ስፋት ስለነበረ በ1፡87 ሲያንስ 12 ሚሊሜትር ሃዲድ ይፈልጋል፣ ይኼ 16.5 ነው አልኳቸው። «ታዲያ ሰፊው ነው እንዲህ የተጣበቀው?» አሉ።

ጨዋታው ተጀመረ። አንደኛው ፉርጎ ገባ፣ ሁለተኛው መገንጠያ ላይ ቆመ። ሎኮሞቲቭ በጎማ ቁጥር ይጠራል፤ ከፊት ተሸካሚ፣ መሃል ጎታች፣ ከኋላ ተሸካሚ እየተባለ 2-8-2 ምናምን ይባላል። ሰው እጁን አስገብቶ ባቡር ሲያነሣ ደግሞ ባለሙያዎቹ በቀልድ 0-5-0 ይሉታል፣ ጣት ቆጥረው። ነውር ነው። አምስት ትልልቅ ሰዎች ነውሩን ፈርተን ግማሽ ሰዓት ተፋጠጥን።

እማማ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ እያደራረቁ ወረዱ። «የቱ የት ይግባ ነው የምትሉት?» አሉ። ጋሼ ወረቀቱን አነበቡላቸው። እማማ ፉርጎዎቹን አንድ በአንድ ብድግ እያደረጉ ቦታ ቦታቸው አስቀመጡ። ጋሼ ሰዓታቸውን አይተው «14 ሰከንድ» አሉ።

«በል ልጄ» አሉኝ እማማ፣ «ያንን አውሬ አንሣና ጠረጴዛውን ልቀቅ፤ መሶቡ ሊወርድ ነው።»