ግማሹ የተሞላ የበረራ መዝገብ ይዞ ከተማ መቀየር

ግማሹ የተሞላ የበረራ መዝገብ፣ ማለትም የበረራቸውን ሰዓቶች የሚመዘግብበትን ደብተር፣ በሻንጣው ይዞ ወደ ዴንቨር የሚዛወር ሰው ካለ፣ ይህን ሳያነብ የማንንም የበረራ ትምህርት ቤት ውል እንዳይፈርም። እኔን ያስጠነቀቀኝ አልነበረም። ጉዳዩን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ግን ነበር፤ ውሉን ሲያስፈርመኝ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ቡና ይጋብዘኝ ነበር።

የምበረው ለመዝናናት ነው። ይህን ለወገን ማስረዳት ከመብረሩ ይከብዳል። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ እስከ ዛሬ «አየር መንገዱ መቼ ነው የሚቀጥርህ?» ትለኛለች፤ ከፋዩ እኔ መሆኔን ስነግራት ዝም ትልና ወሬ ትቀይራለች። ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ያሉ ወዳጆቼ ደግሞ በዚያ ገንዘብ አገር ቤት ስንት ካሬ ሜትር መሬት ይገዛ እንደነበር ያሰሉልኛል። ሁሉም ትክክል ናቸው። እኔም አላቆምም።

ትምህርቱን የጀመርኩት ሜሪላንድ ውስጥ፣ ጌተርስበርግ አጠገብ ባለው ትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ 30 የባሕር ማይል ድረስ ልዩ የበረራ ደንብ ስላለ፣ ለተራ ልምምድ እንኳ አካባቢውን ለቆ ለመውጣት አስቀድሞ ማስመዝገብና መለያ ቁጥር መቀበል ግዴታ ነው። ያ ጣጣ ሥርዓት አስተምሮኛል። ሥራዬ ወደ ኮሎራዶ ሲያዛውረኝ ብቻዬን መብረር ጀምሬ ነበር፤ የቀረኝ የሌሊት በረራው፣ ብቻን የሚደረገው ረጅሙ ጉዞና የፈተናው ዝግጅት ነበር።

ወረቀቱ ብዙ አላስቸገረኝም። የአሜሪካ ዜግነት የሌለው ሰው፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም፣ አውሮፕላን ማብረር ለመማር የትራንስፖርት ደህንነት አስተዳደርን ይሁንታ ማግኘት አለበት። በ2024 ሥራ ላይ በዋለው ደንብ ይሁንታው እስከ 5 ዓመት ሊያገለግል ስለሚችል፣ አዲሱ ትምህርት ቤት «ከዜሮ አመልክት» ካለ ደንቡን አንብቡለት። የአያት ስም በአንዱ ሰነድ ላይ ኖሮ በሌላው ላይ የጠፋበት ሰው ይህን ቀድሞ ያስተካክል። ሦስተኛ ደረጃ የሚባለው የሕክምና ምስክር ወረቀት ከ40 ዓመት በታች ለሆነ ሰው 60 ወር ያገለግላል፤ ከተማ መቀየር አይነካውም። አድራሻ በተቀየረ በ30 ቀን ውስጥ ለፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ማሳወቅ ግን ግዴታ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

በአሜሪካ የበረራ ትምህርት የሚሰጠው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ክፍል 61 በሚባለው ደንብ ሥር ነው፤ አስተማሪና አውሮፕላን ካላችሁ በቂ ነው፣ የትምህርቱ ቅደም ተከተል በሁለታችሁ ይወሰናል፣ ለግል አብራሪነት ፈቃድ ቢያንስ 40 ሰዓት ይጠይቃል። ሁለተኛው ክፍል 141 ነው፤ መንግሥት ያጸደቀው ሥርዓተ ትምህርት፣ የደረጃ ፈተናዎችና ዋና አስተማሪ ያሉት ሲሆን ዝቅተኛው 35 ሰዓት ነው። መመሪያውም ሆነ የሚመክሩ ሰዎች ሁለተኛውን ያሞግሳሉ፤ የጸደቀ ነው፣ ቁጥጥር አለው፣ 5 ሰዓት ይቆጥባል ይላሉ። ከዜሮ ለሚጀምርና አየር መንገድ ለመቀጠር ለሚያስብ ወጣት እውነት ሊሆን ይችላል። መዝገቡ በግማሽ ለተሞላ የሠራተኛ ሰው ግን ወጥመድ ነው።

የመረጥኩት ትምህርት ቤት ትልቅ ነበር። አዳዲስ አውሮፕላኖች፣ በአንድ መልክ የለበሱ ወጣት አስተማሪዎች፣ ግድግዳው ላይ የተመራቂዎች ፎቶግራፍ። የምዝገባ ክፍሉ ሰው መዝገቤን አገላብጦ «ሰዓቶችህ ሁሉ ይቆጠራሉ» አለኝ። ይህች አባባል እንዴት እንደተቀመመች ያወቅኩት በኋላ ነው። በእርግጥም ሰዓቶቼ ከመዝገቤ አይጠፉም፤ ማንም ሊሰርዛቸው አይችልም። ሥርዓተ ትምህርቱ የሚቀበለው ግን ሌላ ነው። ደንቡ በግልጽ እንዳስቀመጠው፣ ከክፍል 61 ወደ ክፍል 141 የሚዛወር ተማሪ በዕውቀትና በችሎታ ምዘና ሊቆጠርለት የሚችለው ከሥርዓተ ትምህርቱ ቢበዛ 25 በመቶ ነው፤ ከሌላ የ141 ትምህርት ቤት የመጣ ቢሆን 50 በመቶ። የ35 ሰዓት ሩብ ማለት 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ ደመወዜን እየቆረስኩ ያጠራቀምኩት ሁሉ ለእነሱ ይህችኑ ያህል ነበር፤ እሷም ቢበዛ።

ይህን ማንም አልነገረኝም። ያወቅኩት ተቀማጭ ከከፈልኩ በኋላ፣ የመጀመሪያ ትምህርቴ «ቀጥ ብሎና ሳያጋድሉ መብረር» የሚል ሆኖ ሲመጣ ነው። አስተማሪዬ ትሑት ልጅ ነበር፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። የነዳጁን ናሙና በብርጭቆ ቱቦ ቀድቶ ወደ ብርሃን አንሥቶ «ቀለሙ ምንድን ነው?» ሲለኝ «ሰማያዊ» አልኩት፤ ሰሌዳው ላይ ምልክት አደረገ። «ውኃ ቢኖርበት የት ይታያል?» «ከታች»፤ ሌላ ምልክት። ከዚያ ተነሥተን ወደ ቀኝ መታጠፍ፣ ወደ ግራ መታጠፍ፣ መውጣት፣ መውረድ። ደብዳቤ የሚጽፍን ሰው ሀ ሁ እንደማስቆጠር ነበር፤ ልዩነቱ ሀ ሁ በሰዓት ይህን ያህል ዶላር አለማስከፈሉ ነው።

ዋና አስተማሪውን ሄጄ ጠየቅሁ። «ደንቡ ነው» አለኝ። ደንቡ መሆኑን አልካድኩም። «ታዲያ ስመዘገብ ለምን አልተነገረኝም?» ስለው፣ ምዝገባ የሌላ ክፍል ሥራ እንደሆነ አስረዳኝ። እዚያው ቤት ውስጥ በክፍል 61 ሥር የሚያስተምሩ እንዳሉ ስለማውቅ ወደዚያ አዛውሩኝ አልኩ። ይህን ማድረግ ይችሉ ነበር፤ ሕግ አይከለክላቸውም። መልሱ ተቀማጩ የተከፈለው ለጥቅሉ ነው፣ ጥቅሉም የ141 ነው የሚል ሆነ። ያንን ንግግር እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ጥርሴን ያፋጨኛል።

በዚህ መካከል ወጣቱ አስተማሪዬ ሄደ። ይህም የሚጠበቅ ነበር። በ2009 ቡፋሎ አጠገብ ከደረሰው የመንገደኞች አውሮፕላን አደጋ በኋላ ኮንግረሱ ባወጣው ሕግ መሠረት፣ ከ2013 ወዲህ የአየር መንገድ ረዳት አብራሪ ለመሆን በመደበኛው መንገድ 1,500 የበረራ ሰዓት ያስፈልጋል። ወጣቱ ይህን ሰዓት የሚሞላው እኔንና መሰሎቼን እያስተማረ ነው፤ ሲሞላ ይሄዳል። አልፈርድበትም፣ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እሄድ ነበር። የሚያናድደው ተተኪው አስተማሪ ባዶ ሰሌዳ ይዞ መምጣቱና «እንተዋወቅ» በሚል ስም ያንኑ በረራ መድገሙ ነው። የደረጃ ፈተናው ደግሞ ዋና አስተማሪው ቀን እስኪያገኝ ይጠበቃል፤ ስጠብቅ እጄ ይዝጋል፤ ዝገቱን ለማስለቀቅ ሌላ በረራ ይታዘዝልኛል። ሒሳቡ ሁሉ ወደ አንድ ኪስ ነው የሚገባው።

ለመልቀቅ ስወስን የተቀማጩ ቀሪ «የአስተዳደር ወጪ» ተቀንሶለት እንደሚመለስ ተነገረኝ፤ ይህ ወጪ በውሉ ውስጥ በየትኛው አንቀጽ እንዳለ ግን የሚያሳየኝ አልተገኘም። ለሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደወልኩ። ስልኩን ያነሡት ሴት ጨዋ ነበሩ፤ አውሮፕላኑ ደህንነቱ ካልተጠበቀ እንደሚመጡ፣ ገንዘቤ ግን እነሱን እንደማይመለከት ነገሩኝ። የሠራልኝ ሌላ ነገር ነው። በኮሎራዶ እስከ 7,500 ዶላር የሚደርስ ክርክር በአነስተኛ ክርክሮች ችሎት፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ጠበቃ፣ ይታያል። ክስ እንደምመሠርት የሚገልጽ የአንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ የትምህርት መዝገቤ ቅጂ እንዲሰጠኝም አብሬ ጠየቅሁ፣ ተማሪ ሲጠይቅ መስጠት በደንቡ ግዴታቸው ስለሆነ። ገንዘቡ ሙሉውን አልመጣም፤ አብዛኛው መጣ። የመዝገቡ ቅጂ ግን ከገንዘቡ በላይ ጠቅሞኛል።

ሁለተኛውን ትምህርት ቤት የመረጥኩት በተቃራኒው መንገድ ነው። ወደ ምሥራቅ፣ ዋትኪንስ አጠገብ ወዳለው የኮሎራዶ አየርና ጠፈር ወደብ ሄድኩ። ስሙ ያስፈራል፤ ከ2018 በፊት ፍሮንት ሬንጅ የሚባል ጸጥ ያለ ማረፊያ ነበር፣ ጸጥታው አሁንም አለ። ሁለት ረጃጅም ማኮብኮቢያዎች፣ ዙሪያው ሜዳ። ሴንቴኒያል የሚባለው የዴንቨር ማረፊያ ለብዙ ሰው ይቀርባል፤ ነገር ግን በአገሩ ካሉት የግል አውሮፕላኖች ማረፊያዎች እጅግ ሥራ ከሚበዛባቸው አንዱ ነው። ክፍያ በአብዛኛው የሚታሰበው ሞተሩ ከተነሣ ጀምሮ በሚቆጥር ቆጣሪ በመሆኑ፣ ተራ ለመጠበቅ የምትቆሙት 12 ደቂቃ ሁሉ ከኪሳችሁ 0.2 ሰዓት ነው።

አስተማሪዬ ዕድሜያቸው የገፋ ሴት ናቸው፤ አየር መንገድ መቀጠር ትዝም አይላቸው። መጀመሪያ ያደረጉት መዝገቤን ከፍተው በእርሳስ እያመለከቱ ማንበብ ነው። ዋጋ አልነገሩኝም፣ ቡናም አልጋበዙኝም። ሲጨርሱ የቀረኝን በግማሽ ገጽ ጻፉና «ከዚህ በፊት ግን አየሩን እናስተምርህ» አሉ።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን። ከተማ ሲቀየር የሚደገም ነገር አለ፣ መደገምም አለበት። ብቻችሁን ለመብረር የሚያበቃችሁ የአስተማሪ ፊርማ የሚያገለግለው 90 ቀን ነው፤ አዲሱ አስተማሪ ራሱ አብሯችሁ ሳይበር አይፈርምም። ደግሞም ኮሎራዶ ሜሪላንድ አይደለችም። ጌተርስበርግ 539 ጫማ ላይ ነው፤ የጠፈር ወደቡ ከ5,500 ጫማ በላይ፣ ሴንቴኒያል 5,885። በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 32 ዲግሪ ሲደርስ ሴንቴኒያል ላይ አውሮፕላኑ 9,000 ጫማ ያለፈ ያህል ነው የሚሰማው። ሞተሩ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል፣ ክንፉ የሚደገፍበት አየር ይሳሳል፣ ማኮብኮቢያው ያጥራል። እኔ ተወልጄ ያደግኩት ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 7,600 ጫማ ላይ ባለበት ከተማ ስለሆነ «ቀጭን አየር ለእኔ አዲስ አይደለም» ብዬ ቀልጄ ነበር። ሴትየዋ «ሳንባህን አላልኩም፣ ሞተሩን ነው» አሉኝ።

ሜሪላንድ ውስጥ የነዳጅና የአየር ድብልቁን የሚቆጣጠረውን ቀይ እጀታ እስከ መጨረሻ ገፍቶ መነሣት ልማድ ነው። እዚህ በዚያ ሁኔታ ከተነሣችሁ ነዳጁ ለቀጭኑ አየር ይበዛል፣ ሞተሩ ያለውን ጉልበት እንኳ አይሰጥም። ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ቆመን ሞተሩን አስጮኹና እጀታውን በጣታቸው በጥቂት በጥቂቱ ወደ እኔ ሳቡት፤ የሞተሩን ዙር የሚያሳየው መርፌ ቀስ ብሎ ከፍ አለ፣ ከዚያ መውረድ ጀመረ፣ ትንሽ መልሰው ገፉት። «አሁን እንሂድ።» ያ ትምህርት የተከፈለበትን ዋጋ ያወጣል። ትልቁ ትምህርት ቤት ውስጥ ወደዚያ ገጽ ሳንደርስ ነው የለቀቅሁት።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ የሚቃወመኝ ይኖራል። ለመዝናናት የምትበሩና ሰዓት ያላችሁ ሰዎች ክፍል 141ን እርሱት። «ከመዝገቤ ምን ያህሉን ለሥርዓተ ትምህርታችሁ ትቀበላላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን በኢሜይል አስጽፉ፣ በቃል ያለ ይረሳልና። ብዙ አውሮፕላን ያለውን ሳይሆን የብልሽት መዝገቡን ሳያቅማማ የሚያሳየውን ምረጡ፤ አንድ ዓይነት ብልሽት በተደጋጋሚ ተጽፎ «ተፈትሾ ደህና ነው» የሚል ብቻ ከተመለሰበት ውጡ። አስተማሪው ስንት ሰዓት እንዳለው ጠይቁ፤ 1,400 ካለ በጊዜ የሚለያችሁ ሰው ነው። ቅናሽ ቢሰጧችሁም ለሚቀጥለው በረራ ከሚበቃው በላይ አስቀድማችሁ አትክፈሉ፤ የግድ ከሆነም በክሬዲት ካርድ ይሁን። የትምህርት ቤቱ ኢንሹራንስ የሚጠብቀው ትምህርት ቤቱን መሆኑን ዕወቁና የተከራይ አብራሪ ኢንሹራንስ በራሳችሁ ስም ግዙ። ትምህርት ቤት ለማየት ስትሄዱ በቀዝቃዛ ማለዳ አትሂዱ፤ ሁሉም አውሮፕላን ማለዳ ላይ ጎበዝ ነው።

ከሁሉ በፊት ደግሞ የድሮውን ከተማ ሳትለቁ የትምህርት መዝገባችሁን ቅጂ ከአስተማሪያችሁ ተቀበሉ፤ እያንዳንዱን ገጽና ፊርማም ፎቶ አንሡ። መንግሥት የሰየማቸው ፈታኞች ወረፋ እዚህም ረጅም ነው፤ የእኔ ቀጠሮ ገና ተራው አልደረሰም። ሴትየዋ ቀኑ ሲታወቅ ማኑዋሉን በእጄ ይዤ እንዳልገኝ፣ በጭንቅላቴ ይዤ እንድመጣ አስጠንቅቀውኛል።