ለጅማ ቡና ይዤ ሄድኩ

ቡና አልጠጣም። ስጠጣ ልቤ ይመታል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ሌሊቱን ዓይኔ አይከደንም። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ያን ያህል አላስቸገረኝም። ያፈቀርኳት ልጅ የጅማ ልጅ መሆኗን እንጂ አባቷ ዕድሜያቸውን በቡና ቀማሽነት የጨረሱ ጡረተኛ መሆናቸውን የሰማሁት ነገሩ ሥር ከሰደደ በኋላ ነው።

«አባባ ፊት ቡና አልጠጣም እንዳትል» አለችኝ ገና ወልቂጤን ሳናልፍ። «ሌላው ሁሉ ይቅር ይባልልሃል።»

እኔ ደግሞ ባዶ እጅ አይኬድም ብዬ፣ እሷም ሳታይ፣ ባማረ ማሸጊያ የተጠቀለለ ሁለት ኪሎ የተፈጨ ቡና ይዣለሁ። ማሸጊያው ላይ በትልቁ «የጅማ ቡና» ተብሎ መጻፉን ልብ አላልኩም። ጨው ጭኖ ወደ አፋር የወረደ ነጋዴ ካለ ወንድሜ ነው።

350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ስንደርስ ይዘንባል (ጅማ መቼ ዝናብ አጥታ!)። እናቷ አገላብጠው ሳሙኝ። አባባ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና ባለ ሦስት እግር በርጩማ አቀረቡልኝ። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈል፣ ምስማር የማይነካው ጥበብ ነው፤ የተሠራው ግን እንደ እኔ ላለ ቁመተ ረጅም አይመስለኝም። ጉልበቴ አገጬ ጋ ደርሶ እንደታጠፈ ጃንጥላ ተቀመጥኩ።

ስጦታዬን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጽሑፉን አነበቡ። ገለበጡት። እንደገና አነበቡ። ልጃቸው ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

«ከአዲስ አበባ ነው ያመጣኸው?»

«አዎ አባባ፣ ምርጥ ነው ብለውኛል።»

«ደክመሃል ልጄ» አሉና ይዘውት ወደ ጓዳ ገቡ።

ጥቂት ቆይቶ ጀበናው መጣ። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ፈንዲሻው ቀርቧል። ቡናው ሲቆላ ግን አላየሁም። ለእንግዳ ክብር ብለው አስቀድመው ቆልተውት ይሆናል አልኩ። ከቡና ጋር ዝምድና ያለው ሰው እዚህ ላይ ይነቃ ነበር።

አቦሉን ቀመስኩ። መራራ ነው፤ ለእኔ ቡና ሁሉ መራራ ነው። የሁሉም ዓይን እኔ ላይ አረፈ።

«ይህ ነው ቡና!» አልኩ።

አባባ ዝም አሉ። ምስጋናው ያነሰባቸው መሰለኝ። የቡና መገኛ ናት የሚሏትን የጎማ ወረዳዋን ጮጬን መንገድ ላይ ከልጅቷ ሰምቼ ነበርና፣ የተማርኩትን ምን አስቀምጠዋለሁ ብዬ ጨመርኩ።

«አዲስ አበባ የሚሸጡልን እኮ አፈር ነው፤ ይህ ግን ከጮጬ የመጣ መሆን አለበት!»

ሲኒያቸውን አነሡ፤ እንደ ቀማሽ ወጋቸው በድምፅ ማግ አድርገው አፋቸው ውስጥ አዟዟሩትና በግድ ዋጡት።

«ልጄ፣ ይህ ያንተው ነው። የእንግዳ ስጦታ ይቅደም ብዬ ነው ያስፈላሁት።»

እናቷ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ልጅቷ ምንም አልሸፈነችም። ውጭ ወጥቼ ልተንፍስ ብዬ ስነሣ፣ እግሬ በርጩማው ላይ ደንዝዞ ኖሮ ከነሲኒዬ ቄጤማው ላይ ተዘረርኩ። ከዚያ በኋላ እምቢ የምልበት አፍ ስላልነበረኝ ቶናውንም በረካውንም ጠጣሁ።

ሳሎን አንጥፈውልኝ ሌሊቱን ሙሉ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እያዳመጥኩ አነጋሁ። ጎህ ሲቀድ ግቢ ውስጥ ስንጎራደድ አባባ አገኙኝ።

«እንዲህ ማልደህ ትነሣለህ?» ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈካ። «እኔ የዘመኑ ልጆች እንቅልፋሞች ናችሁ ብዬ ነበር።»

አልተኛሁም ብዬ ምን ልበል? ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና፣ እንዲህ ያለ ጎበዝ ካገኙማ ጅሬን ድረስ በእግር ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እንደሚያሳዩኝ ነገሩኝ። 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለዚያውም ሽቅብ።

«ከመሄዳችን በፊት ግን...» አሉና ወደ ጓዳ ዞረው ተጣሩ፤ «ጀበናውን ጣጂው! ዛሬ እንኳ ቡና እንጠጣ!»