ጎሃ ዳገት ላይ 104 ያለኝ ሰዓት

52 ዓመቴ ነው። ደም ግፊት አለብኝ፤ አቴኖሎል የሚባል መድኃኒት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ከጎንደር ፒያሳ ተነስቼ ወደ ጎሃ ዳገቱን በእግሬ እወጣለሁ ስል፣ የእህቴ ልጅ የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት ገዝቶ አመጣልኝ። "ጋሼ፣ በዚህ ይቆጣጠሩ" አለኝ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከ220 ላይ ዕድሜህን ትቀንሳለህ፤ ልብህ በደቂቃ ቢበዛ የሚመታው ይኸው ነው ይባላል። ለእኔ 168 መጣ። ለመካከለኛ እንቅስቃሴ የዚህ ከ50 እስከ 70 በመቶው ይበቃል፤ በደቂቃ ከ84 እስከ 118 መሆኑ ነው። እኔ ደግሞ አጉል ጎበዝ ነኝና 130 ካላስገባሁ አልመለስም አልኩ።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሰዓቱን አየሁት። 104። ላቤ ይንጠፈጠፋል፤ አብሮኝ ለሚሄደው ጓደኛዬ "እሺ" ለማለት እንኳ ትንፋሽ አጥቻለሁ። ግን 104 ነው፤ "ገና ነኝ" ብዬ ጨመርኩበት። ትንሽ እንደሄድኩ ዓይኔ ጨለመብኝ። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ዘፍ አልኩ። እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴት ቆማ "ምነው ጌታዬ፣ አመመዎት?" አለችኝ። እሷ ያን ሁሉ ተሸክማ፣ እኔ ባዶ እጄን!

ሐኪሙ ነገሩን ስነግረው ሳቀ። "መድኃኒቱ እኮ ልብዎን የሚያዘገይ ነው። ቢደክሙም ምትዎ እንደ ሌላው ሰው አይጨምርም" አለኝ። ለካ የ220ው ስሌት ለእኔ አይሠራም። መድኃኒት ለማይወስድም ቢሆን ግምት ነው፤ ከሰው ሰው ይለያያል። "እያወሩ መሄድ ከቻሉ ልክ ነው። ዘፈን ከወጣልዎት ፍጥነት ይጨምሩ። ንግግር ከተቆራረጠብዎት ይቀንሱ። ደረትዎን ካመመዎት ወይም ካዞረዎት ግን ያቁሙና ይምጡ። መድኃኒቱን በራስዎ እንዳያቋርጡ።"

ሰዓቱን አልጣልኩትም። ግን አላምነውም። አንድ ቀን ቁልቁል ስወርድ 160 አለኝ። ደንግጬ ቆምኩና ሁለት ጣቴን በሌላው እጄ አንጓ ላይ፣ አውራ ጣቱ ባለበት ጎን አድርጌ 15 ሰከንድ ቆጠርኩ። 23። በ4 ሲባዛ 92። ማሰሪያው ላልቶ ነበር፤ የልቤን ትቶ የእርምጃዬን ሳይቆጥር አልቀረም። በአውራ ጣት ግን አትቁጠሩ፤ የራሱ ምት ስላለው ያምታታል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የምቆጥረው።

አሁንም ያንኑ ዳገት እንወጣለን። ጓደኛዬ ወሬ ሲወድ ለጉድ ነው፤ ከፒያሳ የጀመረውን ጎሃ ድረስ አይጨርሰውም። መልስ ሳልሰጠው ሁለት ሦስት እርምጃ ከሄድን ቆም ይልና ዞሮ ያየኛል።