ኮተቴን ግቢ ያወጣሁበት ቅዳሜ

መቀስ ፈልጌ አጣሁና አዲስ ገዛሁ። በሳምንቱ ባትሪ ስፈልግ ከመሳቢያው ሥር ሁለት መቀስ አገኘሁ። ሌላ አንድ ደግሞ ዕቃ ቤት፣ ካርቶን ውስጥ ነበር። ያን ቀን ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ቤቱን ዙሪያውን አየሁት። ዕቃ የሚጠፋብኝ ዕቃ ስለበዛብኝ ነበር።

ትርፉን ግቢ አውጥቼ ለመሸጥ የወሰንኩት ያኔ ነው። ያርድ ሴል የሚሉት ዓይነት። ጠረጴዛ ትዘረጋለህ፣ የቤትህን ትርፍ ትደረድራለህ፣ ላለፈ ላገደመው በርካሽ ትሸጣለህ። ከሩቅ ሲያዩት የአንድ ቀን ሥራ ይመስላል። እኔን ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

በመጀመሪያ የምሸጥበትን ቀን ቆረጥኩ። «ለይቼ ስጨርስ እሸጣለሁ» ብል ኖሮ እስካሁን እየለየሁ ነበር። ቅዳሜዋን መርጬ ለጎረቤቶቼ ተናገርኩ፤ ሁለቱ እኛም ጠረጴዛ እናወጣለን አሉ። ከዚያ ወዲያ ወደኋላ ማለት የለም።

ቀጥሎ ታላቅ እህቴን ጠራኋት። ለብቻ መለየት አይሞከርም፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው። እኔ እያንዳንዱን ዕቃ «ያስፈልገኛል ወይ?» ብዬ ስጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ አዎ ነበር። እሷ ግን ዕቃውን አንስታ «መጨረሻ የተጠቀምሽበት መቼ ነው?» ትለኛለች። መቼ ሲባል ቀን መጥራት ግድ ነው። ቀን ያጣሁለት ሁሉ ወደ በረንዳ ወጣ።

የልብስ ስፌት ማሽኑ ጋ ስንደርስ ዝም አልኩ። አምስት ዓመት ሙሉ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። በደህና ገንዘብ ነው የገዛሁት። እህቴም አልቸኮለችም፤ አጠገቤ ተቀመጠች። ያሳዘነኝ ማሽኑ አልነበረም። የራሴን ልብስ በራሴ እጅ የምሰፋ ሴት እሆናለሁ ብዬ ነበር፤ ማሽኑ ከወጣ ያቺ ሴት አብራ ልትወጣ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላውንም በዚያ ዓይን አየሁት። ያልተከፈቱት የቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት፣ የስፖርት ምንጣፉ፣ የሥዕል ቀለሞቹ፣ ሁሉም ልሆን አስቤ ያልሆንኳቸው ሰዎች ዕቃ ነበሩ። እንዲህ ብሎ በስሙ ከጠሩት በኋላ መልቀቅ ይቀልላል።

ዋጋ ላይ ግን ተሳሳትኩ። ወረቀት ቆርጬ የለጠፍኩትን ዋጋ እህቴ አይታ «ይህን መንገድ ላይ ብታዪው በስንት ትገዢዋለሽ?» አለችኝ። ከጻፍኩት ሲሶውን እንኳ አልከፍልም ነበር። ይህ የእኔ ብቻ ችግር አይደለም። ዳንኤል ካህነማን፣ ጃክ ክኔትሽ እና ሪቻርድ ቴለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ለተማሪዎች ኩባያ አደሉ፤ ለግማሾቹ ብቻ። ኩባያ የደረሳቸው ልሽጠው ቢሉ የሚጠይቁት ዋጋ፣ ያልደረሳቸው ለመግዛት ከፈቀዱት ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ኩባያው እጃቸው ከገባ ገና ደቂቃዎች ነበሩ። እኔ ዓመታት አብሬው የኖርኩትን ዕቃ እንዴት አላስወድደው? ወረቀቶቹን ቀድጄ እንደ ገዢ እንደገና ጻፍኩ።

ሌሎች ትንንሽ ነገሮች ያወቅኩት በሥራው ላይ ነው። ኪስ ሁሉ ይፈተሻል፤ ልሸጠው ከነበረ አሮጌ ቦርሳ ውስጥ የእናቴን የወጣትነት ፎቶ አገኘሁ። አሮጌ ስልክ ውስጡ ሳይጠፋ አይሸጥም። የሕፃን የመኪና ወንበርና ሄልሜት አላወጣሁም፤ አንዴ አደጋ ውስጥ የገባ እንደሆነ ከውጭ አይቶ መለየት አይቻልም፣ የመኪናው ወንበር ደግሞ የአገልግሎት ጊዜ አለው። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ እስከ ጠረጴዛው ድረስ ሳብኩ። ሬዲዮው ሲናገር የሰማ ሰው አልተከራከረም። መሬት ላይ የተቀመጠውን ማንም አላየውም፤ ጠረጴዛ ላይ ሳነሣው ተሸጠ። ዝርዝር ገንዘብ ያዙ። ገዢዎች ከተባለው ሰዓት ቀድመው ይመጣሉ።

ማሽኑን የወሰደችው አንዲት ወጣት ናት። ክሩን ከመቅጽበት መርፌው ውስጥ አስገብታ፣ ጨርቅ አስነክታ፣ ድምፁን ጆሮዋን አዘንብላ ሰማች። ዋጋ ቀንሽልኝ አለች። ቀነስኩላት፤ የክሩንም ሳጥን ጨመርኩላት። ማሽኑ እንደዚያ ሲሠራ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የተረፈው ወደ ቤት እንዳይመለስ መኪና አስቀድሜ ለምኜ ነበር። ማታውኑ ለችግረኞች ወደሚያከፋፍሉ ሰዎች ሄደ። ይህን ባላደርግ ኖሮ ግማሹ ተመልሶ ይገባ ነበር።

ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የሸጥኩበትን ከገዛሁበት ጎን ለጎን ጻፍኩ። የቀኑ ገቢ በሙሉ ማሽኑን ብቻ የገዛሁበትን አልሞላም። አመመኝ። ያን ገጽ ግን አልቀደድኩትም፤ ልገዛ ስል ገልጬ አየዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው ቀን ከጎረቤቴ ጠረጴዛ ላይ የሚያምር የማንበቢያ መብራት ገዛሁ። በሦስተኛው ቀን መብራቱ ያረፈበት ጠረጴዛ አስጠላኝ፤ ሌላ ጠረጴዛ ማየት ጀመርኩ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዲደሮ የገጠመው ይኸው ነበር። አዲስ ያማረ ካባ ለበሰ፤ ከካባው ጋር ሲያስተያየው ወንበሩም ጠረጴዛውም ያረጀ መሰለው፤ አንድ በአንድ ቀየራቸው። በኋላ በአሮጌው ካባው መለየት ተጸጽቶ ጻፈ። እኔ ጠረጴዛውን አልገዛሁም። የምፈልገውን ሁሉ ከነቀኑ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፤ 30 ቀን ሲሞላው አየዋለሁ። ጠረጴዛው ቀኑ ሲደርስ ምን ዓይነት እንደነበር እንኳ ጠፍቶብኝ ነበር።

ማሽኑ የነበረበት ጥግ አሁንም ባዶ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የምትገባው በዚያ በኩል ኖሯል። ወንበሬን ወደዚያ ሳብኩት።